ዝዋይ ላይ ከዳር ሆኖ ቆሮሶ ለመያዝ

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነድተህ ዝዋይ ሐይቅ ወርደህ፣ ጀልባ ሳትከራይ ከዳር ሆነህ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) መያዝ እንዴት ይቻላል ብለሃል። ብዙ ሰው መንጠቆውን በጉልበት ወደ መሃል ይወረውራል። ምን አስቸኮለው? ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት ፊላው (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ሥር፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው የሚገኘው። አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሹን መንጠቆ ግዛ፤ ትሉን ጫፉ እስኪሸፈን ብቻ ስካበት፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ከመንጠቆው ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርገህ እሰር። ቡሹ ሲርገበገብ ዝም በለው፣ ዓሣው እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን ሲንሸራተት ያኔ በእጅህ አንጓ ብቻ ሳብ። ጥላህ ውሃው ላይ ካረፈ ግን ባዶህን ትገባለህ፣ ጎንበስ በል። አምባዛ (ባለ ጢሙ ዓሣ) ካማረህ አመሻሽ ላይ ቡሹን አውጥተህ ትሉን መሬት አስነካው። ጉማሬ የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ አስጋሪዎቹን ሳትጠይቅ እንዳትቀመጥ።