ተወርውሮ እንዴት አይሰበርም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ ውጭ አገር ኬሚስትሪ ትማራለች። ሥራዋ ፕሮቲንን በአዮን ጨረር ወርቅ ላይ ማሳረፍ ነው አለችኝ። እንዲያ የሚወረወር ነገር እንዴት አይሰበርም? ደግሞስ ጠብ አድርገው ቢያደርቁት ምን አለበት? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንጀቴን አራሱት! ስንት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ስናፍቅ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ከሁለተኛው ልጀምር። የቧንቧ ውሃ መስታወት ላይ ጠብ አድርገው ያድርቁት። ነጭ ክብ ይቀራል፤ ውሃው ውስጥ የነበረ ጨው ነው። የፕሮቲን ጠብታም ሲደርቅ እንዲሁ ኮተቱ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ሞለኪውልን አንድ በአንድ ማየት ለሚፈልግ ሰው አይረባም። በሙቀት እናትነው እንዳይሉ ደግሞ ትልቅ ሞለኪውል ሳይተን ይበላሻል። የእንቁላል ነጩ መጥበሻ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

ስለዚህ ፈሳሹ በቀጭን መርፌ እየወጣ ጥቂት ሺህ ቮልት ይሰጠዋል። ደቆ ይረጫል፣ ጠብታው ይተናል፣ ፕሮቲኑ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሸክሞ ይቀራል፤ አዮን የሚባለው ይሄ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚህ ዘዴ ነው። ከዚያ ክብደቱ ከተሸከመው ቻርጅ ጋር እየተመዘነ በኤሌክትሪክ መስክ ይጣራል። ጨውና ስብርባሪው መንገድ ላይ ይቀራል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ስብራቱን በተመለከተ፣ ጨረር ሲባል መተኮስ አይምሰልዎ። ሙያው ፍሬን መያዙ ላይ ነው። ወርቁ ላይ የሚደረገው ቮልት መጪውን ፕሮቲን ያዘገየዋል። ሲያርፍ የሚቀረው በአንድ ቻርጅ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት (እጅግ ትንሽ የጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ያ ጉልበት አቶሞቹን አያይዘው ለያዙ በሺህ ለሚቆጠሩ ቦንዶች ሲከፋፈል ለአንዱ ምንም አይደርሰውም። ቅርጹ ትንሽ ሊጨፈለቅ ይችላል፤ ሰንሰለቱ ግን አይበጠስም። ፍሬኑ ሲላላ ነው የሚበጣጠሰው።

ወርቁም መጀመሪያ አርጎን በሚባል ጋዝ አዮን ተደብድቦ፣ በሙቀት ተስተካክሎ ይጸዳል። ደሴ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል አይደል? ወርቁ የሚቀመጥበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር ከደሴው ብዙ ቢሊዮን ጊዜ የሳሳ ነው። ያለዚያ የጸዳው ወርቅ ዓይን ሳይጨፈን በአየር ሞለኪውሎች ይሸፈናል።

ልጅዎ ስልክ ባታነሳ አይቀየሟት። ጨረሩ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ጅረት አንድ ናኖ አምፔር (የአምፔር አንድ ቢሊዮንኛ) ሆኖ፣ 12,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን፣ 10 ቻርጅ የተሸከመ ፕሮቲን ሌት ተቀን ቢያርፍ፣ በ24 ሰዓት የሚጠራቀመው አንድ ሚሊዮንኛ ግራም ገደማ ነው። ለማየት ግን ከበቂ በላይ ነው።