የአባባን ደብተር እንቅደደው ወይስ እናስቀምጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አባታችን ሐኪም ነበሩ። ጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ወደ እኛ መጡ፣ አምና አረፉ። አራት ካርቶን ወረቀት ትተውልናል። ዲፕሎማቸው፣ ከባለሥልጣናት ጋር የተነሱት ፎቶ፣ የተማሪዎቻቸው ደብዳቤ፣ ደምቢያ ለወባ ሲወርዱ የያዙት ደብተር፣ የሕሙማን ካርድ ሳይቀር አለበት። ወንድሜ ዲፕሎማውንና ፎቶውን አስቀርተን ሌላውን እንጣለው ይላል። በተለይ አንድ የማስታወሻ ደብተር አለ፤ በእሳቸው ስህተት ስለሞተች ወላድ የጻፉበት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተጣሉትንም። "ይሄ የአባባን ስም ያጠፋል" ብሎ ሊቀደው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የታዋቂ ሐኪሞችን ወረቀት ይሰበስባሉ ሲባል እሰማለሁ፤ የእኛ አባት ግን ታዋቂ አይደሉም። ምን ላድርግ?
የሐኪሙ ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ደብተሩን ከወንድምሽ እጅ አውጪው፤ ዛሬ ማታውኑ።

ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ያምርባችኋል። ግን ማን መቼ እንደተመረቀ ትምህርት ቤቱም መዝግቦታል። ሐኪሙ ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ የጻፈውን ግን ሌላ ማንም አልያዘውም።

ከአንቺ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ባልቲሞር፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትና የሆስፒታሉ ቤተ መዛግብት አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የትምህርት ቤቱን ሐኪሞች ደብዳቤ፣ ማስታወሻና ፎቶ ይይዛል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ዊልያም ሃልስተድ ነው፣ የሆስፒታሉ የመጀመሪያ የቀዶ ሕክምና አለቃ። የቀዶ ሕክምና የጎማ ጓንት የተለመደው ከእሱ ክፍል ተነስቶ ነው፤ የማጽጃው መድኃኒት እጇን ለበላት ነርስ ብሎ ጉድይር ኩባንያን አዝዞ አሠራላት፣ ኋላም አገባት። ይኸው ሰው በ1880ዎቹ ኮኬይን ለማደንዘዣ ይሆን እንደሆነ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው። ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ፣ ሲወጣ ግን ሞርፊን ተክቶበት ነበር። ድኗል ተባለ፣ ነገሩ ተዳፈነ፣ እሱም በ1922 ሞተ።

ባልደረባው ዊልያም ኦስለር ግን የሆስፒታሉን የውስጥ ታሪክ ለብቻው በምስጢር ጽፎ ነበር። ምስጢሩን ባወቀ ሰሞን ሃልስተድ ሞርፊኑን በቀን ከ3 ግሬይን፣ ማለት ወደ 200 ሚሊግራም ከሚጠጋ፣ ዝቅ ማድረግ እንዳልቻለ እዚያ ላይ አስፍሯል። ጽሑፉ ታሽጎ ተቀመጠ። የታተመው በ1969 ነው፣ ኦስለር ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ።

ታዲያ የሃልስተድ ስም ጠፋ? ኧረ ምን በወጣው! እንዲያውም ያን ሁሉ የሠራው ምን ተሸክሞ እንደነበር ታወቀ። ኦስለር ግን አልቀደደም፣ በቁም ሳለም አደባባይ አላወጣም፤ አሽጎ አስቀመጠ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ቤተ መዛግብት ስጦታ ሲቀበል ውል ይፈራረማል፣ ይህን ያህል ዓመት እንዳይከፈት ብላችሁ ውሉ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ። ወንድምሽም እንቅልፉን ይተኛል።

የሕሙማኑ ካርድ ግን የአባትሽ ብቻ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ሂፓ የሚባለው ሕግ የታካሚን መረጃ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። የታመሙት ደምቢያ ነው ብላችሁ አታቃሉት፤ የደምቢያ ሰውም ምስጢር አለው። ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት፣ ለየብቻም አታውጡት፤ ለሚረከበው ሰው "ይህኛው ካርቶን የሕሙማን ስም አለበት" ብላችሁ ንገሩት።

ወረቀቱን በዓመትም በፊደልም አታሰልፉት። አባትሽ ያስቀመጡበት አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ። ቤዝመንትም አይሁን፣ ይሻግታል። (የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ የሃርቪ ኩሺንግ ስብስብ፣ በማሰሮ የተቀመጡ የሰው አንጎሎች ጭምር፣ የል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኝታ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ ኖሯል፤ ተማሪዎች በሌሊት እየሾለኩ ያዩት ነበር። በ2010 ነው ወግ ደርሶት ለሕዝብ የተከፈተው። እናንተ ግን በዕድል አትመኩ።)

የት ይሰጥ ካልሽ፣ ሆፕኪንስ በዋናነት የራሱን ሰዎች ነው የሚሰበስበው። የአባትሽ ወረቀት ቦታው ያስተማሩበት ነው፤ መጀመሪያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጠይቂ፣ ካልሆነ አዲስ አበባ ወመዘክርን። ከመላክሽ በፊት በየካርቶኑ ምን እንዳለ አንድ አንድ ገጽ ጻፊና ደብተሮቹን ስካን አድርገሽ ቤት አስቀሪ። ታዋቂ አይደሉም ላልሽው ደግሞ፣ ደምቢያ ወርዶ ወባ ያከመ ሐኪም ደብተር ስንት ቤት ይገኛል ብለሽ ነው?

ጥያቄ፦ ባልቲሞር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። እንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ገብቼ ማንበብ እችላለሁ ወይስ ለፕሮፌሰር ብቻ ነው?

መልስ፦ ትችያለሽ። ቀድመሽ በኢሜይል ቀጠሮ ያዢ፣ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጻፊላቸው፤ "ስለ ሕክምና ታሪክ" ብቻ ብትያቸው ግራ ይገባቸዋል። የታካሚ ስም ያለበትን ያለ ልዩ ፈቃድ አያሳዩሽም። እና እርሳስ ያዢ፣ እስክሪብቶ አያስገቡም።