አንድ ወታደር ሰጥቶ ማጥቃት፦ ስለ ስታፎርድ ጋምቢት ጥያቄና መልስ

ስታፎርድ ጋምቢት የቼዝ መክፈቻ ነው፤ ጋምቢት ማለት ለማጥቃት ሲባል መጀመሪያ ላይ ወታደር መስጠት ነው። እኔ በጥቁር እየያዝኩ ኦንላይን በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ለዓመታት ተጫውቼዋለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እነሆ መልሱ። ሰሌዳ ካላችሁ አጠገባችሁ ዘርጉና እያንቀሳቀሳችሁ ተከተሉኝ። ኢ4፣ ኤፍ3 የምላቸው የሰሌዳው ቤቶች ናቸው፤ ፊደሉ ቋሚ መስመሩን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል።

ጥያቄ፦ ስሙን ገና አሁን መስማቴ ነው። እንዴት ነው የሚጀመረው?

ፔትሮቭ መከላከያ ከሚባለው የጥቁር መክፈቻ ነው የሚወጣው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6። ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ ይበላል። የፔትሮቭ ተጫዋች እዚህ ጋ ዲ6 ብሎ ፈረሱን ያባርራል። እኛ ግን ሌላውን ፈረሳችንን ሲ6 ላይ እናወጣለን። ነጭ ይበላዋል፣ እኛም በዲ ወታደር መልሰን እንበላለን። አንድ ወታደር ጎደለን። በምትኩ በሰያፍ የሚሄዱት የሁለቱም ቢሾፖችና የንግሥቲቱ መንገድ ወለል ብሎ ተከፈተ። በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኢንተርናሽናል ማስተር ኤሪክ ሮዘን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ኢንጅኑ (ቼዝ የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ነጭ 2 ነጥብ ገደማ፣ ማለትም ሁለት ወታደር ያህል፣ ይበልጣል እያለኝ ነው። ታዲያ ምን አስበህ ነው የምትጫወተው?

ኢንጅኑ ልክ ነው። ነጭ ትክክለኛውን መልስ ካወቀ ጋምቢቱ አያዋጣም። ግን ኢንጅን ሰዓት አያስጨንቀውም፣ ሰውን ያስጨንቀዋል። በሌሎች መክፈቻዎች ለዓይን ጥሩ የሚመስለው እርምጃ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። እዚህ ግን የሚገድለው እሱ ነው።

ይኸውና አንዱ። ነጭ ኢ4ን ለመጠበቅ ዲ3 ይላል፣ እኛ ቢሾፕ ሲ5። አሁን ነጭ ቢሾፑን ጂ5 ላይ አውጥቶ ፈረሳችንን በንግሥታችን ላይ ያስራል፤ ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቲቱ ትበላለች። ከልጅነታችን የተማርነው እርምጃ ነው። እኛ በታሰረው ፈረስ ኢ4ን እንበላለን! ንግሥቲቱን ከበላ ቢሾፓችን ኤፍ2ን ይበላል፣ ቼክ (ንጉሡ ተጠቃ)። ንጉሡ ያለው መሄጃ ኢ2 ብቻ ነው። ሌላኛው ቢሾፕ ጂ4፣ ማት (ንጉሡ ማምለጫ የለውም፣ ጨዋታው አበቃ)። ንግሥቲቱን ትቶ ፈረሱን በወታደር ቢበላም ኤፍ2 ላይ ቼክ እንላለን፣ የራሱ ንግሥት ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ የኔ ተጋጣሚዎች ጂ5 አይሉም። ቢሾፑን ኢ2 አድርገው ካስሊንግ ያደርጋሉ (ንጉሡን ወደ ጎን አሽሽተው የማዕዘኑን ሩክ አጠገቡ ያቆማሉ)። ከዚያ እኔ እፈዛለሁ።

እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ቢሾፑ ኢ2 ላይ እንዳረፈ ወታደርህን ኤች5 በል። ካስሊንግ ሲያደርግ ፈረስህን ጂ4 ላይ አስቀምጠው። ነጭ ሊያባርረው ኤች3 ይላል። አትሽሽ! ንግሥትህን ዲ6 አድርጋት፤ ኤች2 ላይ ማት እያልክ ነው።

አንድ ምሽት እዚሁ ቦታ ላይ የተጋጣሚዬ ሰዓት 2 ደቂቃ ከ31 ይል ነበር። ዝም አለ። ሲነቃነቅ 1 ደቂቃ ከ40 ቀርቶታል። ፈረሱን በላው። በኤች ወታደሬ መልሼ ስበላ የኤች መስመር እስከ ሩኬ ድረስ ተከፈተ። ኤች2ን ለመዝጋት ጂ3 አለ። ንግሥቴ ጂ3ን በላች፣ አለቀ። የኤፍ ወታደሩ ሊበላት አይችልም፤ ሲ5 ላይ ያለው ቢሾፕ ከንጉሡ ጋር አስሮታል። ያቺ የሲ5 ቢሾፕ የጋምቢቱ ነፍስ ናት። በምንም ነገር አትለውጧት።

መድኃኒቱን የሚያውቅ ነጭ ካስሊንጉን ያቆይና ሲ3፣ ቀጥሎ ዲ4 ብሎ የዚችኑ ቢሾፕ መንገድ ይዘጋል። ያኔ የእውነት ትቸገራለህ። ግን ይሄንን የሚያገኘው ወይ ያጠና ነው፣ ወይ ሰዓቱን አቃጥሎ ያሰበ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ላይ ነጭ ሲ6 ላይ ያወጣሁትን ፈረስ ሳይበላ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 ቢመልስስ?

ኢ4ን በፈረስ ብላ። ወታደርህ ተመለሰ፣ ጨዋታው እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ሲ6 ላይ ከተበላላን በኋላ ዲ3 ሳይል ወታደሩን ወደ ኢ5 ገፍቶ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረሴን ቢያባርርስ?

ፈረስ ኢ4 ግባ። እንደገና ሊያባርርህ ዲ3 ካለ አትንካው፣ ቢሾፕ ሲ5 በል። ፈረሱን ሲበላ ያው ኤፍ2 ላይ ቼክ ነው፣ ንግሥቱ ሄደች። ዲ3 ሳይሆን ዲ4 ካለ ግን ተጠንቀቅ፣ ነገሩን ያውቃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቡሌት (የአንድ ደቂቃ ጨዋታ) ይሻላል ብሊትዝ (ከሱ ትንሽ የሚረዝመው)?

ሦስት ደቂቃ፣ ጭማሪ ሰከንድ የሌለው። በአንድ ደቂቃ ጨዋታ እኛም ራሳችን የምናስብበት ጊዜ የለንም። በአሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ደግሞ ተጋጣሚህ ተረጋግቶ ሲ3ን ያገኛታል። እዚያ አልጫወተውም፣ እናንተንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ከአባቴ ጋር ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን የድሮ ቼዝ፣ እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይሄ ጥድፊያ ጨዋታውን አያበላሽም?

ጋሼ፣ እርስዎማ ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በሰንጠረዥ ወረራው ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ክፍል፣ ተራ መጠበቅ አልነበረም። የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። ጎበዙ የራሱን እየደረደረ የሌላውን እጅ የሚያይ ነው። በሦስት ደቂቃ ቼዝም የሚፈለገው ይኸው ዓይን ነው። ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በወጥመድ ማሸነፍ ማታለል አይደለም?

አይደለም። ሁሉም ነገር ሰሌዳው ላይ ለሁለታችንም ይታያል። ማታለል እየተጫወቱ ኢንጅን መክፈት ነው።

ጥያቄ፦ ወጥመዱ ሁሉ ከሸፈብኝና ወታደር ጎድሎኝ ቀረሁ። እጅ ልስጥ?

ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። አብዛኛውን ጊዜ ተጋጣሚህ ወጥመዱን ያለፈው ሰዓቱን ከፍሎ ነው። ንግሥት አትለዋወጥ፤ ወታደር የጎደለበት ሰው ንግሥት ከለወጠ የሚቀረው መከላከል ብቻ ነው። በንግሥት በኩል ካስሊንግ አድርግ፣ ሩክህ በአንድ እርምጃ የራስህ ወታደር የሌለበት የዲ መስመር ላይ ያርፋል። ስትሸነፍም ጨዋታውን ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ክፈትና በመክፈቻ ማሰሻው ሬቲንግ (የተጫዋቾች የደረጃ ነጥብ) እና የሰዓት ዓይነት መርጠህ ያንኑ ቦታ ፈልገው። ባንተ ደረጃ ያሉ ሰዎች እዚያ ጋ በብዛት ምን እንደሚጫወቱ ያሳይሃል። እኔ ኤች5ን ያገኘኋት እንደዚያ ስፈልግ ነው፣ ከብዙ ሽንፈት በኋላ።