ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ማዘርቦርዳችሁ ምን ይቀበላል? (ጥያቄና መልስ)

ዛሬ ማታ ለጥያቄ ቁጭ ብያለሁ። ጉዳዩ አንድ ነው። ማዘርቦርዳችን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ምን ዓይነት ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) እንደሚቀበል ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንወቅ? ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰው ገንዘቡን ሲከስር በብዛት የማየው ዕቃ ተበላሽቶበት አይደለም። ዕቃው ደህና ነው፤ ማሽኑ ላይ ግን ቦታ የለውም። ሻጩ ደግሞ አንዴ የተከፈተ ዕቃ አይመልስም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በአሥር ደቂቃ ማጣራት የሚቀር ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አንዱ ሳታ ይላል፣ አንዱ ኤም.2 ይላል፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ ይላል። ልዩነቱ አልገባኝም።

መልስ፦ ግራ ቢገባህ አይገርምም። ሦስቱ ስሞች ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። ኤም.2 የቅርጽ ስም ነው። 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተኝታ በአንዲት ብሎን የምትታሰር ቀጭን ካርድ ናት። ሳታና ኤንቪኤምኢ ደግሞ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርባቸው ቋንቋዎች ናቸው። ሳታ የራሱ ፖርትና ኬብልም አለው፤ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲና የተለመደው ሃርድ ዲስክ በእሱ ይሠራሉ። ኤንቪኤምኢ የሚሄደው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በል። ኤም.2 ሆና ሳታ የምትናገር ካርድ አለች። ኤም.2 ሆና ኤንቪኤምኢ የምትናገርም አለች። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ስሎትም (ካርዷ የምትሰካበት ቦታም) እንደዚሁ ነው። አንዱ ሁለቱንም ይሰማል፤ ሌላው አንዱን ብቻ።

እኔ ራሴ የተማርኩት በሰው ሥራ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ኤም.2 ገዝቼ ሄድኩ። ካርዷ ገባች፣ ብሎኗ ታሰረች፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ግን አላያትም። ቦርዱ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ደከምኩ። ለካ ስሎቱ ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው፤ ካርዷ ደግሞ ሳታ ናት። ሰውየው የዚያን ቀን ሥራ አመለጠው። ከዚያ ወዲህ ካርዷ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳላነብ ገንዘብ አላወጣም።

ፍጥነቱን ለጠየቃችሁ፦ ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል። ሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ 3,500 አካባቢ፣ አራተኛው ትውልድ 7,000 አካባቢ። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ ሥራ ከሆነ ግን ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ስትሸጋገሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔን ሳልከፍት ማወቅ እችላለሁ? መፍቻም የለኝ።

መልስ፦ ግማሹን መንገድ ትሄዳለህ። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና የአርን ቁልፍ አብረህ ተጫን። በምትመጣው ሳጥን ውስጥ ኤም፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ፣ 3፣ 2 የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል አገጣጥመህ ጻፍና ኢንተር በል። ማሽንህ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ከሆነ «ሲስተም ሞዴል» የሚለውን መስመር ያዝ። በየዕቃው ተገዝቶ የተገጣጠመ ከሆነ «ቤዝቦርድ ፕሮዳክት» የሚለውን። ሲፒዩ-ዚ የምትባለው ነፃ ፕሮግራምም «ሜይንቦርድ» በሚለው ገጿ ላይ ይህንኑ ታሳይሃለች።

ከዚያ ያንን ሞዴል ይዘህ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ሂድና ማኑዋሉን አውርድ። «ስቶሬጅ» የሚለውን ክፍል ፈልግ። ስንት ሳታ ፖርት፣ ስንት ኤም.2፣ የትኛው ስሎት ሳታ፣ የትኛው ኤንቪኤምኢ እንደሚቀበል ተጽፎ ታገኘዋለህ። ከማንም ባለሙያ አፍ ይልቅ ያቺን መስመር እመን። እኔንም ጨምሮ።

አንድ ስህተት ልንገርህ። ብዙ ሰው ዲቫይስ ማኔጀርን (የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ ገጽ) ከፍቶ የኤንቪኤምኢ ኮንትሮለር (የዲስኩ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ሲያጣ «የኔ ማሽን አይደግፍም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ያ ኮንትሮለር ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ካርዷ ሳትገጠም ስሙ አይመጣም። እዚያ የምታየው አሁን የተሰካውን እንጂ ሊሰካ የሚችለውን አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ከፍቼዋለሁ። አሁን ምኑን ነው የማየው?

መልስ፦ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ከነቀልከው በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ አንድ አምስት ሰከንድ ያህል ተጫንና የቀረው ኃይል ይውጣ። እጅህን ያልተቀባ የኬዙ ብረት ላይ አሳርፍ። ላፕቶፕ ከሆነ የባትሪውን ኬብል አላቅ።

ሳታ ፖርት በብዛት ቦርዱ ጠርዝ ላይ ነው። ቀጭን ነው፤ ውስጡ የእንግሊዝኛዋን ኤል ፊደል ይመስላል። ቁጠራቸው። ስትቆጥር ግን ኃይሉንም ተመልከት። በብዙ የኤችፒና የዴል ትንንሽ ማሽኖች የዲስኩ ኃይል የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ አይደለም፤ ከማዘርቦርዱ በሚወጣ ልዩ ኬብል ነው። ፖርት ተርፎህ የኃይል ኬብል ሊያጥርህ ይችላል። ያ ኬብል ደግሞ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም።

ኤም.2 ስሎት ጠፍጣፋና አጭር ነው። ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው 2242፣ 2260፣ 2280 የሚል ቁጥር ታያለህ። 2280 ማለት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው። በአዳዲስ ቦርዶች ስሎቱ በብረት ማቀዝቀዣ ይሸፈናል፤ ስላላየኸው የለም አትበል። ደግሞ ያቺን ብሎን እንዳትጥላት። ያገለገለ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የምትጎድለው እሷ ናት፤ ካርዷም ያለ እሷ ቀና ብላ ትቀራለች።

ጥያቄ፦ እኔ ላፕቶፕ ላይ አንዲት ትንሽ ስሎት አየሁ፤ የዋይፋይ ካርድ ተሰክቶባታል። እሷ ላይ ኤስኤስዲ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ተዪያት። የኤም.2 ስሎትና ካርድ በቁርጡ ቦታ ይለያያል፤ ያ ቁርጥ ኪ ይባላል። ያቺ ኢ ኪ የምትባለዋ ናት፤ ለዋይፋይ የተሠራች። የዲስኮቹ ኤም ኪና ቢ ኪ ይባላሉ። የኤስኤስዲ ካርዷን ጥርሶች (ወደ ስሎቱ የሚገቡትን ወርቃማ መስመሮች) ተመልከቺ። በአንድ በኩል ብቻ የተቆረጠችና በአጭሩ ወገን 5 ጥርስ የቀራት ኤም ኪ ናት፤ ኤንቪኤምኢ በብዛት እንደዚህ ነው። በሁለት ቦታ የተቆረጠችው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ናት። «አብዛኛውን ጊዜ» ማለቴን ልብ በይልኝ። ሁለት ቦታ ተቆርጣ ኤንቪኤምኢ የሆነችም አጋጥማኛለች። ቅርጹ ፍንጭ ይሰጥሻል፤ ማረጋገጫው ግን ጽሑፉ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ይዞልኝ መጣ። የኔ ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። የት ነው የምሰካው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥ። ዴል እ.ኤ.አ. በ2012 ኦፕቲፕሌክስ 7010 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ይህንኑ ቁጥር ለአዲስ ማሽን ሰጠው። ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ከሆነ አሮጌው ነው። 13ኛ ትውልድ ከሆነ አዲሱ ነው፤ አዲሱ ኤም.2 ስለሚቀበል ሥራህ ቀላል ነው።

እኛ አገር በብዛት ያለው አሮጌው ስለሆነ በእሱ ልመልስ። ኤም.2 ስሎት የለውም። ሆኖም ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት አለው። ኤንቪኤምኢውን የምታስቀምጥበት አዳፕተር ካርድ ገዝተህ እዚያ ብትሰካ ዊንዶውስ 10 ያየዋል፤ ፊልምና ሰነድ ታስቀምጥበታለህ። ችግሩ ማስነሳቱ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ባዮስ ከኤንቪኤምኢ መነሳት አያውቅም። ባዮሱን በማሻሻል ወይም በፍላሽ ላይ በሚቀመጥ ማስነሻ የሚያልፉት አሉ። ለሥራ ማሽን ግን አልመክርህም፤ ፍላሹ የተበላሸ ቀን ቢሮህ ይቆማል።

እኔ ብሆን አንድ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስ እገዛለሁ፤ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። የወንድምህን ስጦታ በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ አድርጌ ተንቀሳቃሽ ዲስክ አደርገዋለሁ። ማቀፊያውን ስትገዛ ለኤንቪኤምኢ የተሠራ መሆኑን ጠይቅ፤ ለሳታ ብቻ የሚሆንም አለ።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ ከአሜሪካም ከዱባይም ዕቃ የምትልኩ፣ አደራ፦ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴል በፎቶ አስልኩ።

ጥያቄ፦ ቦርዴ ላይ «ሳታ3» ተጽፏል። ፈጣኑ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ አምራች 3 ሲል ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም 6 ጊጋቢት በሰከንድ ማለቱ ነው። አዝሮክ ቦርዶች ላይ «ሳታ3_1» ብታይ ሦስተኛ ትውልድ፣ አንደኛ ፖርት ነው። ሌላው ግን ሦስተኛውን ፖርት ለማለት ብቻ ይጽፈዋል። አሱስ «ሳታ6ጂ» ብሎ ስለሚጽፍ አያሳስትም። ቀለሙንም አትመን፤ ሁሉም የሚስማማበት የቀለም ሕግ የለም።

ጥያቄ፦ አዲስ ኤም.2 ስሰካ አሮጌው ሃርድ ዲስኬ ጠፋ። ፎቶዎቼ ሁሉ እዚያ ናቸው!

መልስ፦ አይዞህ፣ ፎቶዎችህ አልጠፉም። ብዙ ቦርዶች ላይ ኤም.2 ስሎቱና አንድ ወይም ሁለት ሳታ ፖርቶች መንገድ ይጋራሉ። ካርዷ ስትሰካ እነዚያ ፖርቶች ይዘጋሉ። ብዙ ጊዜ በቁጥር የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ማኑዋሉ ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን አጥፋና የሃርድ ዲስኩን ኬብል ወደ ሌላ ፖርት አዛውር።

ጥያቄ፦ ባዮስ ዲስኩን ያየዋል፤ ዊንዶውስ ስጭን ግን «ዲስክ የለም» ይለኛል። ላፕቶፑ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው።

መልስ፦ ይህ የቪኤምዲ (የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ ቅንብር) ጉዳይ ነው። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ በርቶ ይመጣል። ወይ የኢንቴልን ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዘህ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው በኩል ታስገባለህ፣ ወይ ቪኤምዲን ታጠፋለህ። ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ካለህ ግን እንዲሁ አታጥፋው፤ አልነሳም ሊልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት የምትጠቀምበት ላፕቶፕ 64 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ሞላባት። ትልቅ ዲስክ ላስገባላት?

መልስ፦ እናቴ፣ ከመግዛትዎ በፊት ያስከፍቱት። እንዲህ ያሉ ርካሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማኅደር ቦርዱ ላይ ተበይዶባቸው ነው የሚመጡት። እሱ አይነቀልም፣ አይቀየርም። አንዳንዶቹ ግን ከጎኑ ባዶ ኤም.2 ስሎት አላቸው። ስሎት ካለው የልጅዎ ችግር ተፈታ። ከሌለው የሜሞሪ ካርድ ወይም ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይግዙላትና ሰነዶቿን ወደዚያ ታዙር።

ጥያቄ፦ ቲንክፓድ ቲ430 አለኝ። ሃርድ ዲስኩን ሳላወጣ ኤስኤስዲ መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ በሁለት መንገድ ይቻላል። ውስጡ ኤምሳታ የሚቀበል ስሎት አለ። ኤምሳታ ከኤም.2 በፊት የነበረ አጭርና ሰፋ ያለ ካርድ ነው፤ ከኤም.2 ጋር አይቀያየርም። ሁለተኛው መንገድ ዲቪዲውን አውጥቶ በቦታው ካዲ (ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ የሚይዝ ማቀፊያ) ማስገባት ነው። ካዲ ስትገዛ ያወጣኸውን ዲቪዲ ውፍረት ለካ፤ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር የሚሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ።

ጥያቄ፦ ከሰርቨር የወጣ ትልቅ ዲስክ በርካሽ አገኘሁ። ሳታ ይመስላል፤ ግን ኬብሉ እምቢ አለ።

መልስ፦ አትግፋው! ሳስ የሚባለው የሰርቨር ዲስክ ነው። የሳታ ዲስክ በኃይሉና በዳታው ጥርሶች መካከል ክፍት ቦታ አለው፤ ሳስ ላይ ያ ቦታ ተሞልቷል። የሳስ መቀበያ ሳታን ይቀበላል፤ የሳታ ፖርት ግን ሳስን አይቀበልም። ልዩ ካርድ ካልገዛህ በቀር አይሠራልህም። መመለስ ከቻልክ ዛሬውኑ መልሰው።

ጥያቄ፦ እኔ ዕድሜዬ የገፋ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ቦርዱ ኤች61 ነው አሉኝ። ለእንደዚህ ያለ አሮጌ ነገር ኤስኤስዲ መግዛት ይገባል?

መልስ፦ ይገባል፣ ጋሼ። ኤች61 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የኢንቴል ቺፕሴት (የቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ነው። ኤም.2 የለውም። ሳታ ፖርቶቹም ሁለተኛ ትውልድ ናቸው፤ 3 ጊጋቢት በሰከንድ። ስለዚህ 550 የሚያነብ ኤስኤስዲ እርስዎ ጋ ወደ 280 ሜጋባይት ይወርዳል። እሱ አያሳስብዎ። የኤስኤስዲ ትልቁ ጥቅም ትንንሽ ፋይሎችን ሳይጠብቅ ማግኘቱ ነው፤ ያ አሮጌ ፖርት ላይም ይሠራል። ማሽኑ ሲነሳ ራስዎ ያዩታል። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ይግዙ፤ ውዱን አይግዙ፣ ቦርዱ አይጠቀምበትም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ደህና ከሆነ አይጣሉት። በሁለተኛው ፖርት ይሰካና የሱቅዎ ሰነድ ግልባጭ ይቀመጥበት። የኃይል ኬብሉ ሌላ ትርፍ ራስ እንዳለው ብቻ አስቀድመው ያስዩ።