ድምፁ ሲቀነስ ቀኙ የሚጠፋ አምፕሊፋየር

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ የተወልኝ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር አለኝ። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው የቀኙ ስፒከር ይጠፋል፣ ከፍ ሳደርገው ይመለሳል። አንድ ሠሪ ትራንዚስተሮቹ ስለተቃጠሉ አራቱም ይቀየሩ አለኝ። ላስቀይር ወይስ ሸጬ አዲስ ልግዛ?»

አቦ፣ አትሽጠው! ትራንዚስተሩንም አታስነካው። የተቃጠለ የመውጫ ትራንዚስተር ድምፅ ስለተጨመረለት አይድንም፤ ወይ ፊውዝ ይበጥሳል፣ ወይ አምፑ በርቶ ድምፅ አይሰጥም። በዚያ ላይ ዛሬ ገበያው በፎርጅድ ትራንዚስተር ተሞልቷል፤ ደህናውን ኦሪጅናል አውጥቶ ፎርጅድ መትከል ያሳዝነኛል።

አምፑን ስታበራው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ «ቀጭ» ይላል አይደል? እሱ ሪሌው ነው። አምፑ ተበላሽቶ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ ስፒከር የሚያቃጥል ኤሌክትሪክ) ወደ ስፒከር እንዳይሄድ መንገዱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ግን ከዓመታት በኋላ ይጠቁራሉ። ደካማ ድምፅ ያንን ጥቁር ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል፤ ቮልዩሙ ሲጨመር ጥሶ ያልፋል። ያንተ አምፕ ምልክት ይኸው ነው።

ከመክፈትህ በፊት ግን አረጋግጥ። አምፑን አጥፋና የግራና የቀኝ ስፒከር ገመዶችን ከአምፑ ጀርባ አቀያይር። አሁንም የሚጠፋው ያው የቀኙ ስፒከር ከሆነ ችግሩ ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው። ወደ ግራው ከዞረ ግን አምፑ ነው። ቀጥለህ አምፑ እንደጠፋ ቮልዩሙንና ሌሎቹን ማዞሪያዎች ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዙራቸው፤ አንዳንዴ ጥፋቱ እዚያ ያለ ቆሻሻ ነው።

ካልተሻለው ስፒናውን ከሶኬት ነቅለህ ክፈተው። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ በቴስተር ለክተህ ከ5 ቮልት በታች ሳይወርድ እጅህን አታስገባ። በካቻቪቴ አገናኝቶ ማራገፍ የሚወዱ አሉ፤ አንተ አታድርገው። የሪሌው ክዳን የሚነሳ ከሆነ ጠንከር ያለ ወረቀት በንጹሕ አልኮል ነክረህ በነጥቦቹ መሐል ቀስ ብለህ ሳበው፤ ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቀው። ሥራ ስጀምር እኔ ፍቄ አይቻለሁ፤ ስሱ ልባጥ ተላጠና ሪሌው በወሩ ባሰበት። ከሁሉም የሚሻለው ሪሌውን በአዲስ መቀየር ነው። የኮይሉ (ሪሌውን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ቮልት፣ ብዙ ጊዜ 24፣ በአሮጌው ላይ ተጽፏል፤ ቮልቱም የእግሮቹ አቀማመጥም አንድ ዓይነት ይሁን።

ሲያልቅ ቮልዩሙን ዘግተህ በስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከርህን ያለ ሥጋት አገናኝ።

አዲስ ስለመግዛት፦ ሳጥኑ ላይ ሺህ ዋት ተብሎ የተጻፈ አያታልልህ። እኔ ከሁሉ የምወደው አምፕ ናድ 3020 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጉልበት በቻናል 20 ዋት ብቻ ነው። ግን የኃይል ክምችቱ ጥሩ ስለሆነ ለቅጽበት ከፍ ሲልበት አይንተፋተፍም። ለሳሎን 20 እውነተኛ ዋት ይበቃል፤ ሰርግ ከሆነ ሞንታርቦ ተከራይ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እናቶቻችን አምፕ ላይ ዳንቴል ያለብሳሉ፤ ያምራል፣ ግን ሙቀቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ካፓሲተር 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቀዋለህ። ዳንቴሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አዛውረው፣ ከአምፑ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተው።

ከዚያ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል የዓሊ ቢራን ዑድ በጣም ዝቅ አድርገህ ክፈት። ዑዱ ከግራም ከቀኝም እኩል ከመጣልህ ሪሌው ድኗል። ካልመጣ ከነገመዱ ይዘኸው ከዚራ ና፤ አብረን እንከፍተዋለን።