ቆጣሪው 41,000 የሚል አሮጌ ቮልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስ ልገዛ ነው፤ ቆጣሪው 41,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ልመነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይመኑት። ቆጣሪው አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ አይናገርም። ይልቅ ሞተሩን አጥፍተው ከሞተሩ ኋላ በታች ያለውን ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ) ወደ ውስጥ ይግፉ፣ ወደ ውጭ ይሳቡ። ጤነኛ ሞተር የሚላወሰው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም፤ በእጅዎ ጎልቶ ከተሰማዎትማ የሞተር እድሳት ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ።

ብዙ መሄዱ ብቻውን አያስፈራዎት። የአሜሪካዊው ኢርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. የ1966 ቮልቮ ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቷል። ዋናው እንክብካቤው ነው። የቮልስ ዘይት ማጣሪያ ተራ ወንፊት ነው፤ ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል። ስለዚህ 2.5 ሊትሩን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ በጢስ ዓባይ አቧራ የሚመላለሱ ከሆነ ደግሞ በየ2,500 ይቀይሩ። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.15 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። ሦስተኛውን ሲሊንደር አደራ! የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልለው ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።