መልስ፦ «የዶርም ጓደኛዬ መኖር ሰልችቶኛል ይላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ወዴት ልውሰደው?»

ወንድሜ፣ ነገሩን አቅልለህ ስላላየኸው ደግ አድርገሃል። እንቅልፍ አጥቶ፣ ክፍል መግባት ትቶ እንዲህ ካለ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ መተው አይበቃም።

በቀጥታ ጠይቀው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በለው። ብዙ ሰው ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ ይፈራል፤ አያመጣበትም። እንዲያውም የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ቀለል ይለዋል። ምክር አታብዛበት፣ ዝም ብለህ ስማው።

«አዎ» ካለህ ነገ አትበል። ብቻውን አትተወው፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ። ሌሊትም ቢሆን ፕሮክተሩን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ቀስቅሰህ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በባጃጅ ከሆነ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ካርድ ሲያወጣ ሌላው ከጎኑ ይቀመጥ።

ያን ያህል አጣዳፊ ካልሆነ ከተማሪዎች ክሊኒክ ጀምሩ። ለአእምሮ ሕክምና ሪፈር እንዲጽፉለት ጠይቁ። ትምህርቱ ካቃተውም ዝም ብሎ ከክፍል አይጥፋ፤ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ስለ ዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው ስለማቋረጥ) የተማሪዎች ዲን ቢሮ ይጠይቅ።

ቤተሰቦቹ ጠበል ይሂድ ካሉ አትከራከራቸው። መድኃኒት ከታዘዘለት ግን እንዳያቋርጥ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቶሎ «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

«ለማንም እንዳትናገር» ካለህ ደግሞ ይህን ምስጢር አትያዝለት። ቢቆጣህም ይቆጣህ።